የዱቤ ደብተሩ እስኪዘጋ

«ይድረስ ለእትዬ። የምኖረው አዳማ ነው። ሦስት ልጆች አሉኝ። የባለቤቴ ታናሽ ወንድምም አብሮን ይኖራል። እኔ በአንድ የግል መዋዕለ ሕፃናት እሠራለሁ። ባለቤቴ የሰው ባጃጅ ነው የሚነዳው፤ በየቀኑ ለባለንብረቱ ገቢ አስገብቶ የተረፈውን ይዞ ይመጣል። አንዳንድ ቀን ደህና ነው፣ አንዳንድ ቀን ባዶ እጁን ይገባል። እንጀራ በየቀኑ ከጎረቤት እገዛለሁ። ዘይት በግማሽ ሃይላንድ፣ ሽንኩርት በሩብ ኪሎ፣ ከሰል በጣሳ። ሰፈራችን ካለው ሱቅ ያለብኝ ዱቤ 4,200 ብር ደርሷል። ባለሱቁን አፍሬ በጀርባ መንገድ ዞሬ ነው ቤቴ የምገባው። ሥጋ ከተውን ቆየን። ልብስ አንገዛም። ባለፈው ወር የልጆቹን እንቁላል አስቀረሁ። ከዚህ በላይ ምን ልቀንስ? ስለ ገንዘብ ሳነሳ ባለቤቴ ይቆጣል፤ ለጫት ስንት እንደሚያወጣም አላውቅም። አንዳንዴ የማባክነው እኔ የሆንኩ ይመስለኛል። ከጎረቤቶቼ ጋር የምጠጣውን ቡናስ ላቁም?»

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ጊዜ እርሳስ ይዤ ነው። «ከዚህ በላይ ምን ልቀንስ?» ላልሽኝ መልሴ አጭር ነው፤ ከትንሽ ስኳር በቀር ምንም አትቀንሺ። እንቁላሉንም ለልጆቹ ትመልሽላቸዋለሽ። እንዴት እንደሆነ እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ ግን አንድ ሸክም ላውርድልሽ። ያባከንሽው ነገር የለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የምንበላው ዘይት አብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ እሱም አብሮ ወጣ። የመብራት ታሪፍም ከመስከረም 2017 ጀምሮ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ ከፍ እንዲል ነው የተወሰነው። ያንቺ ደሞዝ በየሦስት ወሩ አይጨምርም። ስለዚህ ማታ ጋደም ብለሽ «የት አጠፋሁት?» እያልሽ ራስሽን አትክሰሺ። ይህ ክስ እንቅልፍ ይነሳል እንጂ ብር አይመልስም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ደብዳቤሽ ላይ ሦስት ቦታ አስምሬያለሁ። ግማሽ ሃይላንድ፣ ሩብ ኪሎ፣ ጣሳ። ገንዘባችሁ የሚፈሰው እዚህ ጋ ነው። እጅ ሲያጥር ሰው በጥቂቱ ይገዛል፤ በጥቂቱ የሚገዛ ሰው ደግሞ ከሁሉም በላይ ውድ ይገዛል። ባለሱቁ ክፉ ስለሆነ አይደለም። ሲቀዳ ይፈስበታል፣ ሲመዝን ይጎድልበታል፣ ዕቃውም እስኪያልቅ ቀን ይወስድበታል። ያንን ሁሉ ዋጋው ውስጥ ያስገባዋል።

በቃሌ አትመኚ፣ ራስሽ አስሊው። ሃይላንዱ ባለ አንድ ሊትር ከሆነ የግማሹን ዋጋ በ10 አባዢው። ባለ ግማሽ ሊትር ከሆነ በ20። ከዚያ የሸማቾች ሱቅ ሄደሽ ባለ 5 ሊትሩን ጀሪካን ስንት እንደሚሉ ጠይቂ። ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን ጻፊ። ለከሰሉም እንዲሁ፤ አንድ ማዳበሪያ ስንት ጣሳ እንደሚወጣው የምትሸጥልሽን ሴት ጠይቂያት፣ ትነግርሻለች። እኔ ይህን ሒሳብ መጀመሪያ የሠራሁ ቀን ወረቀቱን ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ። ለካ ለዓመታት የአንድ ጀሪካኑን ዋጋ እየከፈልኩ ጀሪካኑ ሳይሞላልኝ ኖሬያለሁ።

«በጅምላ ግዢ ማለት ለአፍ ይቀላል፣ ብሩ ከየት ይምጣ?» ትዪኛለሽ። ልክ ነሽ። በየቀኑ የሚገባ ገንዘብ በየቀኑ ነው የሚያልቀው። ለዚህ ነው ከዱቤው የምንጀምረው።

ዱቤ ወለድ የለውም እንላለን። ግን በዱቤ የሚገዛ ሰው ዋጋ ተከራክሮ አያውቅም። ሌላ ሱቅ ሄዶ አያስተያይም። ቀይ ሽንኩርቱ በስብሶ ቢሰጠው እንኳን አይመልስም። አንቺ ደግሞ ጭራሽ መንገድ ቀይረሻል። ነገ በፊት ለፊቱ ሂጂ። ደንበኛ በማይበዛበት ሰዓት፣ ረፋድ ላይ ወይም ከምሳ በኋላ። እንዲህ በይው፦ «ወንድሜ፣ ጠፍቼ ሳይሆን አፍሬ ነው። ያለብኝን እዚህ ላይ አስምርልኝ። በየቅዳሜው 350 ብር አመጣልሃለሁ። ከዛሬ ጀምሮ በዱቤ አልወስድም።» 350 ብር በሳምንት፣ 12 ቅዳሜ ላይ 4,200 ይሞላል። ሦስት ወር ማለት ነው። የከፈልሽውን እሱም ደብተሩ ላይ ያስፍር፣ አንቺም በራስሽ ደብተር ያዢ። ባጃጁ የተበላሸ ሳምንት 100 ብርም ቢሆን ይዘሽ ሂጂ። ብድር ያለበት ሰው ሲታይ ነው የሚታመነው።

ዱቤውን ለመዝጋት ብለሽ ግን በስልክ የሚሰጠውን ብድር አትውሰጂ። የአገልግሎት ክፍያ አለው፣ መክፈያው ቀንም ቶሎ ይደርሳል። ባለሱቁ ይታገስሻል፣ ስልኩ አይታገስሽም።

350 ብር በቀን 50 ብር ነው። ይህ 50 ብር ከባለቤትሽ ጋር ተስማምታችሁ ካልሆነ አይገኝም። ስለዚህ ወደምትፈሪው ነገር እንምጣ።

ጠዋት ባጃጁን ሲያስነሳ ስለ ገንዘብ አታንሺበት። ማታ አቧራ ለብሶ፣ ያውም ገቢው ጎድሎበት ሲገባም አታንሺበት። የሚቆጣው አንቺን ጠልቶ አይመስለኝም። ባዶ እጁን የገባ ወንድ «ብር አለ?» ሲባል «አንተ ምን ትሠራለህ?» የተባለ ይመስለዋል። እሁድ ከሰዓት ልጆቹ ሲጫወቱ ይሁን። የሳምንቱን ወጪ የጻፍሽበትን ወረቀት አስቀምጪለት። ቤት ኪራይ፣ እንጀራ፣ ዘይት፣ ከሰል፣ ትምህርት ቤት፣ ዱቤ። አንቺ አትናገሪ፣ ወረቀቱ ይናገር። ከታች «የኪስ» የሚል ሁለት መስመር ጨምሪ፤ አንዱ ለሱ፣ አንዱ ላንቺ። የሱን ቁጥር ራሱ ይሙላው። ጫት የሚለውን ቃል በመጀመሪያው እሁድ ከአፍሽ አታውጪ። ሰው በራሱ እጅ የጻፈውን ቁጥር ሲያየው ነው የሚደነግጠው። ቢጽፈው አንድ ነገር ነው። ባይጽፈው፣ ቢቆጣም፣ የሚያከብረው ታላቅ አይጠፋም፤ በሁለተኛው ወር እሱን አማክሪ።

ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ለምኚው። የጠዋቱ የመጀመሪያ ምልልስ ብር ማታ ቆርቆሮ ውስጥ ይግባ። ሌላው ገንዘብ እንደፈለገ ይሁን። 50 ያልሞላበት ቀን ይኖራል፣ ያለፈበትም ይኖራል። ቆርቆሮው ሁለታችሁም በምታዩት ቦታ ይቀመጥ።

የባለቤትሽን ወንድም ነገር ብዙ አልነገርሽኝም። ሥራ ካለው ድርሻ ይያዝ። ከሌለው ወፍጮ ቤትና ገበያ የሱ ይሁን። ጥቂትም ብትሆን የቤቱ ሸክም ትድረሰው።

አሁን እንጀራው። እዚህ ላይ እውነቱን ልንገርሽ። ነጭ ጤፍ ብቻ ገዝተሽ ብትጋግሪ ከምትገዢው ጋር ብዙ ልዩነት ላታገኚ ትችያለሽ። እየተሸጠ ያለው እንጀራ ብዙ ጊዜ ቅልቅል ነው፣ አንዳንዱም ሳሳ ያለ። ጥቅም የምታገኚው ቅልቅሉን ራስሽ ስትሠሪው ነው። ሁለት እጅ ቀይ ወይም ሰርገኛ ጤፍ፣ አንድ እጅ ማሽላ። እህሉን ገዝተሽ፣ አበጥረሽ፣ ለቅመሽ አስፈጪ እንጂ ዱቄት አትግዢ፤ ዱቄት ውስጥ ያለው አይታይም። አንዳንዱ ሩዝ ይጨምራል። ሩዝ ሲበዛ እንጀራው ለዕለቱ ያምራል፣ በማግስቱ ግን ይሰባበራል፤ የተሰባበረ እንጀራ ደግሞ ኪሳራ ነው። ማሽላ የገባበትን ሊጥ አብሲት በደንብ ጣይለት። ከቦካው ሊጥ ቀንሰሽ፣ በውሃ አቅጥነሽ፣ እሳት ላይ እያማሰልሽ ገንፎ መሳይ ሲሆን ቀዝቀዝ አድርገሽ መልሺው። አብሲት የጣሉለት የማሽላ እንጀራ ቶሎ አይደርቅም፣ ዓይኑም ይወጣል። የመጀመሪያው ጋገራሽ ከአንድ ኪሎ ስንት እንደወጣው ቁጠሪና በምትገዢው ዋጋ አስተያዪው። ካላዋጣሽ ተዪው፤ አልቀየምሽም።

የምትሠሪ ሴት ነሽና በየቀኑ ጋግሪ አልልሽም። በሳምንት ሁለቴ በቂ ነው። አዳማ ሙቀቷ እንጀራ ቶሎ ያሻግታል፣ ስለዚህ የሳምንቱን በአንድ ቀን አትጋግሪ። የተረፈውን ሻጋታ ሳይነካው ቀዳደሽ ፀሐይ ላይ አስጪው። ድርቆሽ የእኛ ከተማ ፀሐይ በነፃ የምትሠራልን ነገር ነው። ልጆች ለቁርስ በድርቆሽ ፍርፍር ጠግበው ይሄዳሉ።

ስለ መብራት ሰው ሁሉ «አምፖል አጥፉ» ይላል። ይጥፋ፣ ደግ ነው። ግን የሚበላው አምፖሉ አይደለም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል። ምጣዱ አንድ ሰዓት ሲበራ የሚፈጀው፣ ባለ 10 ዋት ኤልኢዲ አምፖል 350 ሰዓት የሚፈጀውን ነው። በቀን አምስት ሰዓት ቢበራ 70 ቀን ማለት ነው። ስለዚህ ቁጠባው ያለው ምጣዱ ላይ ነው። ምጣዱ እስኪግል የሚሄደው መብራት እንጀራ ያልወጣበት መብራት ነው። ከጎረቤትሽ ጋር አንድ ቀን ያዙና ተከታትላችሁ ጋግሩ፤ አንዴ የጋለ ምጣድ ለሁለት ቤት ይበቃል። ሊጡ በሩ ላይ ሳይደርስ ምጣዱን አትሰኪ። የመጨረሻዎቹን ሁለት እንጀራዎች ነቅለሽ በግለቱ አውጫቸው። ከዚያም ሳይበርድ ለልጆች ቂጣ ይወጣዋል። በታሪፉ አሠራር ብዙ በተጠቀምሽ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል። ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ደግሞ ከአከራይሽ ጋር የክፍፍሉን ነገር በግልጽ ተነጋገሪ።

ከሰል ላይ ተራውን የቆርቆሮ ምድጃ የምትጠቀሚ ከሆነ ስትችዪ ላቀች ግዢ። ውስጡ ሸክላ ስለሆነ ሙቀቱን ይይዛል፣ ከሰሉም ይቆያል። ወጥ ሲወርድ ፍሙን እንዲሁ አትተዪው። በአሮጌ ድስት አፍነሽ አጥፊው፣ ነገ ይነዳል። ባቄላና ሽምብራ ማታ ዘፍዝፊ፤ ያልተዘፈዘፈ ሽምብራ ብዙ ከሰል ይጨርሳል። ግን አደራ፣ ለመቆጠብ ብለሽ በርና መስኮት ዘግተሽ ከሰል አታንድጂ። ከከሰል የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ቤተሰብ ይጨርሳል።

ጅምላ ግዢ ስልሽ ሁሉንም አይደለም። አንድ ዓመት ሽንኩርት ረክሶ ሳየው አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ገዛሁ። ከነማዳበሪያው አፉን አስሬ ጓዳ አስገባሁት። በሦስተኛው ሳምንት ቤቱ ሸተተ። ስፈታው ከላይ ያለው ደህና ነው፣ መሃሉ ግን ውሃ ሆኗል፤ እጄን ስከተው ገባ። ግማሹን ደፋሁት። ያኔ ገንዘቡም ልቤም ተቃጠለ። ሽንኩርት አየር ይፈልጋል፤ ጥላ ቦታ ተዘርግቶ መቀመጥ አለበት፣ ድንችም አጠገቡ አይቀመጥም። ለእኔና ላንቺ ቤት ከአምስት ኪሎ በላይ ትርፉ ብክነት ነው። አዳማ ግን ለአትክልት የታደለች ናት። የመቂና የባቱ ሽንኩርትና ቲማቲም በቅርብ ይመጣል። ገበያ ጠዋት አትሂጂ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሂጂ፤ በዚህ ሙቀት ቲማቲም ይዞ ማደር የሚፈልግ ሻጭ የለም። ጠዋት ሁለት መደብ የነበረውን ማታ ሦስት ታደርግልሻለች። ለሰላጣ ሳይሆን ለሥልስ ከሆነ ትንሽ የላላው ቲማቲም ምንም አይልም።

በጅምላ የሚገዛው የማይበላሸው ነው። ጤፍ፣ ማሽላ፣ ክክ፣ ምስር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ከሰል። ጤፍ አዝመራው ሲገባ፣ ከታኅሣሥ እስከ ጥር ባለው ጊዜ ይሻላል። ክረምት ላይ ሲገዛ ይጎዳል። ኩንታል የሚሉት ነገር ያንቺ ብቻ መሆን የለበትም፣ ለሦስት ቤት ይከፈላል። ማጓጓዣውም ቤትሽ ውስጥ አለ፤ ባለቤትሽ አመሻሽ ላይ በባጃጁ ያምጣላችሁ፣ ጎረቤቶችሽም ነዳጁን ያዋጡለት። ወንድ ልጅ እንዲህ ሲፈለግ ደስ ይለዋል። በርበሬና ሽሮ የተፈጨውን አትግዢ። በርበሬ ዛላውን አይተሽ፣ ሽሮ እህሉን ለቅመሽ አስፈጪ። ርካሽ የተፈጨ በርበሬ አንዴ ገዝቼ ወጥ ውስጥ ቀለሙ ብቻ ነበር የቀረው።

ሦስት ነገር አትንኪ። ዕድርሽን አታቋርጪ፤ በአንድ ለቅሶ ቀን የዓመት መዋጮሽን ይመልሳል። ሁለተኛው ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው። በየዓመቱ የሚታደስ ነው፣ የባለቤትሽ ዓይነት በግሉ የሚሠራ ሰው ቤተሰብ ይገባበታል። ከሌላችሁ ቀበሌሽን ወይም ጤና ጣቢያውን የመመዝገቢያውን ወቅት ጠይቂ። አንድ የልጅ ትኩሳት ስንት ቆርቆሮ እንደሚያራቁት አይቻለሁ። ሦስተኛው እንቁላሉ ነው። በየቀኑ አይሁን። በሳምንት ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ሁለት፣ ስድስት እንቁላል። በሌሎቹ ቀኖች ክክና ምስር ከእንጀራ ጋር ብዙውን ይሸፍናል። በጾም ሰሞን ፈላጊው ስለሚቀንስ ዋጋው ይላላል፣ ያኔ አራት ይጨመር። ገንዘቡን ከየት ካልሽ፣ ከጠዋቱ ሻይ ስኳር። ወንጂ አጠገባችን ሆኖ ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ ስኳር ያመርታል፣ እኔ ግን አዳማ ላይ ስኳር ረክሶልኝ አያውቅም። ከሦስት ማንኪያ አንዱን ለልጆቹ ሳትነግሪ ቀንሺ። በሳምንቱ ይለምዱታል።

ቡናውን አታቁሚ። ብቻሽን ቤት ዘግተሽ የምታተርፊው ስኒ ቡና ከምትከፍዪው ጋር አይመጣጠንም። ይልቅ በተራ አድርጉት። አምስት ቤት ከሆናችሁ እያንዳንዳችሁ በአምስት ቀን አንዴ ታፈላላችሁ። ጥሬ ቡናውን አዋጥታችሁ በኪሎ ግዙ። ቁርሱ ቆሎ ይሁን። ፍሙ ሳይሞት ሽሮሽን ጣጂበት።

ዕቁቡም እዚያው ይጀመር። ትልቅ ዕቁብ አይደለም። አምስታችሁ በየሳምንቱ የአንድ ጀሪካን ዘይት ዋጋ ታዋጡና፣ ዕጣ የወጣላት ጀሪካኑን ትወስዳለች፣ ብሩን አይደለም። ብር ከሆነ ወደ ሌላ ቀዳዳ ይሄዳል። ከዘይቱ በኋላ ከሰል፣ ከከሰሉ በኋላ ጤፍ። ደካማ ሳምንት ያጋጠማት ካለች ተራዋን ትቀያየራለች፣ አትወጣም። ይህንን ከመጀመሪያው ተስማሙበት።

የሚቀጥለው ቡና ያንቺ ተራ ይሁን። አቦል ሲቀዳ ስለ ሃይላንዱና ስለ ጀሪካኑ ሒሳብ አንሺላቸው፤ ወረቀቱንም አሳዪያቸው። በረካ ላይ ሳትደርሱ የመጀመሪያውን ዕጣ አውጡ።